ብረት ወይስ ፕላስቲክ? የሐረር የቧንቧ ሂሳብ

በሐረር ከተማ አዲስ ቤት የሚያሠራም ሆነ አሮጌ የውሃ መስመር የሚያስቀይር ሰው ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ሲገባ አስቀድሞ የሚጠየቀው “ብረት ነው ፕላስቲክ?” ተብሎ ነው። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው የዕለቱ ዋጋ ነው። ይሁንና ቧንቧ እንደ ሸሚዝ በየዓመቱ የሚቀየር ዕቃ ባለመሆኑ፣ ዋጋው ሊሰላ የሚገባው በሚያገለግልበት ዘመን ሁሉ ነው። ይህ ስሌት በሐረር ከብዙ ከተሞች ይልቅ ይከብዳል፤ በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ራሱ ውድ ነውና።

ከቆላ የሚወጣ ውሃ

ሐረር ለአሥርት ዓመታት ውሃዋን ታገኝ የነበረው በቅርብ ርቀት ካለው የሐረማያ ሐይቅ ነበር። ደለል፣ የመስኖ ፓምፖችና የከተሞች ፍጆታ ተዳምረው ሐይቁን እያሸሹት ሄደው በ1996 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። በኋለኞቹ ዓመታት ሐይቁ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም፣ ከተማዋ ግን ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ቆላ ለማዞር ተገድዳለች። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ በተሠራው ፕሮጀክት የሐሰሊሶ ጉድጓዶች ውሃ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ሐረር እንዲደርስ ተደርጓል።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃን 700 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት፣ የፓምፕ ብክነት ሳይታሰብ እንኳ፣ ወደ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። በደቂቃ አንድ ሊትር የሚያንጠባጥብ አንድ መጋጠሚያ ውሃ በሚመጣበት በአንድ ሙሉ ቀን 1,440 ሊትር ያፈስሳል። ይህም ባለ 20 ሊትር 72 ጀሪካን ማለት ነው። መጋጠሚያው ከቆጣሪ በፊት ከሆነ ኪሣራው የከተማው፣ ከቆጣሪ በኋላ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ነው።

ብረት በምን ይበልጣል?

በገበያው “ጋልቫናይዝድ” የሚባለው ዚንክ የተቀባ ብረት ጥንካሬው አያጠያይቅም። የእግርና የጋሪ ምት ይችላል፤ ፀሐይ አይጎዳውም፤ ሙቅ ውሃም ያስተላልፋል። ድክመቱ ዝገት ነው። በተለይ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ቧንቧው አንድ ጊዜ ውሃ፣ ሌላ ጊዜ አየር ስለሚሞላ ዝገቱ ይፋጠናል። ቀድሞ የሚበላውም ጥርስ የወጣለት ጫፍ ነው፤ ዚንኩ የተላጠው እዚያ ላይ ነውና። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ኖራ የሚበዛበት በመሆኑ፣ በዛገና በሻከረ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት እየተጋገረ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ባለቤቱ ግፊት የቀነሰው ከዋናው መስመር ይመስለዋል። “ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ፕላስቲክስ?

ፕላስቲክ ሲባል አንድ ዕቃ አይደለም። ግትሩ ፒ.ቪ.ሲ. ምት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። በሙቀት ተበይዶ የሚገጠመው ፒ.ፒ.አር. ለቤት ውስጥ መስመር፣ ሙቅ ውሃን ጨምሮ፣ ይመረጣል። በጥቅል የሚሸጠው ጥቁሩ ኤች.ዲ.ፒ.ኢ. ደግሞ ለሚቀበር መስመር ነው። ይህ የመጨረሻው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በተፈቀደለት ግፊት 50 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ የሚሠራ ነው። አይዝግም፤ ረጅም ስለሆነም መጋጠሚያው ጥቂት ነው። ሙቀት ግን አቅሙን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ለሙቅ ውሃ መስመር አይሆንም።

ገዢው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የልኬት ጉዳይ ነው። የፕላስቲክ ቧንቧ ቁጥር የውጭውን ስፋት የሚገልጽ ሲሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር የተባለው ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህም ከግማሽ ኢንች ብረት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሁለተኛው በቧንቧው ላይ የሚጻፈው የግፊት ደረጃ ነው። ፒ.ኤን. 10 ማለት ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ የውሃ ከፍታ ግፊት ይችላል ማለት ነው። ጽሑፍ የሌለበት ቧንቧ ርካሽ ቢሆንም ምን እንደሚችል ማንም አያውቅም።

የጀጎል ጣጣ

በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል የራሱ ሂሳብ አለው። በግንቡ ውስጥ ካሉት መተላለፊያዎች ብዙዎቹ አህያ በጭነቷ በጭንቅ የምታልፍባቸው ናቸው። 6 ሜትር ርዝመት ያለውን የብረት ዘንግ በእነዚህ መታጠፊያዎች ማዞር አስቸጋሪ ስለሆነ ብረቱ ይቆረጣል፤ በተቆረጠ ቁጥር ጥርስና መጋጠሚያ ይጨመራል፤ መጋጠሚያ ደግሞ የማፍሰሻ በር ነው። የፕላስቲክ ጥቅል ግን በትከሻ ይገባል፤ ከመተላለፊያው ጋርም ይታጠፋል።

በሌላ በኩል ፕላስቲክ መቀበር ይፈልጋል። መቅበር ማለት የድንጋይ ንጣፉን ማንሳትና መልሶ እንደ ነበረ ማንጠፍ ነው። ይህን ወጪ ለማስቀረት ሲባል ቧንቧውን በግድግዳ ጥግ መዘርጋት ለፀሐይ፣ ለአህያ ኮቴና ለሕገ ወጥ ቀጣዮች ማጋለጥ ይሆናል። ስለዚህ መስመሩ የግድ ከመሬት በላይ የሚያልፍበት ቦታ የብረት ነው።

ዶላሩ ለሁለቱም አንድ ነው

በሀገር ውስጥ ቧንቧ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ፓይፕ ፋብሪካ፣ ቢኖሩም የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ይገባል፤ የብረቱ ጥቅልም እንዲሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በመሆኑም ምንዛሪው ሲንቀሳቀስ የሁለቱም ዋጋ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ፕላስቲክን “የሀገር ውስጥ ነው” ብሎ ከዶላር ነፃ ማድረግ አይቻልም።

እንግዲህ ምርጫው ከቁሱ ይልቅ በቦታው ላይ ሊመሠረት ይገባል። ለሚቀበረው ኤች.ዲ.ፒ.ኢ.፣ ለሚታየው ብረት፣ ለቤት ውስጥ ፒ.ፒ.አር. የሚል ደንብ ብዙ አያሳስትም። ከዋጋው በፊት የግፊት ደረጃውን ማንበብ፣ መስመሩ ከመሸፈኑ በፊትም በግፊት ማስፈተሽ ተገቢ ነው። የፍተሻው ወጪ የአንድ ቀን የሠራተኛ ዋጋ ነው። ከተሸፈነ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ግን የቁፋሮውንም፣ የንጣፉንም፣ ከቆላ የወጣውን ውሃም ያስከፍላል።