የጠፋው እሽግ የት ቀረ?

በደቡብ አፍሪካ፣ በካሩ ደረቅ ምድር የቆመው የሚርካት ራዲዮ ቴሌስኮፕ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ 64 አንቴናዎች ነበሩት። ከሰማይ የተቀበሉት ሞገድ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ በእሽግ በእሽግ ሆኖ በመረጃ መረብ ወደ ማስሊያው መሣሪያ ይላካል። አንዱ እሽግ በመንገድ ቢቀር ላኪው አይደግመውም፤ ሰማይም ያችን ቅጽበት አይመልሳትም።

ታዲያ መጥፋቱ በምን ይታወቃል? በየእሽጉ ላይ ተራውን የሚያመለክት ቁጥር አለ፤ 7 እና 9 መጥተው 8 ከቀረ ጠፍቷል። የት እንደ ጠፋ ለማወቅ ግን በላኪው፣ በማከፋፈያውና በተቀባዩ ዘንድ የተመዘገበውን ቆጠራ አስተያዩ። ላኪው ያወጣው ከማከፋፈያው ካልደረሰ ገመዱንና መሰኪያውን መርምሩ። ማከፋፈያው ከተቀበለው ያነሰ ካስተላለፈ፣ ከብዙ አቅጣጫ ወደ አንድ መውጫ የጎረፈው እሽግ ጊዜያዊ ማቆያውን አጥለቅልቆታል። ሁሉም ደርሶ ከጎደለ ገመዱን በከንቱ አትውቀሱ፤ የተቀባዩ ኮምፒውተር ከማቆያው ፈጥኖ ማንሣት ስለ ተሳነው የኋለኞቹ ተጥለዋል።