ከሞተር ጀርባ ስለሚንጠባጠብ ውሃ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በአንድ ጋራዥ ስንመላለስ ባለ ስድስት ሲሊንደር አሮጌ የናፍጣ ካሚዮን ቆሞ አገኘን። ባለቤቱ ራሱ ነጂው ነው፤ የዐባይን በረሃ በወጣ ቁጥር ሁለት ጀሪካን ውሃ እንደሚጨርስ ነገረን። ራዲያተሩ ተበይዷል፤ ቱቦዎቹ ተለውጠዋል፤ የውሃ ፖምፓውም አዲስ ነው። ውሃው ግን መጉደሉን አልተወም። የቀረው ምክር ቴስታታውን ማውረድ ነበር፤ ይህም የመኪናውን የወር ገቢ የሚበላ ሥራ ነው። ጉዳዩን ተከታትለን የተረዳነውን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የውሃ መጉደል በደጋ አገር የሚከፋበትን ምክንያት ማወቅ ያሻል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ገደማ፣ በጣርማ በር ከፍታም በ90 ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው በ80 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። ይህን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ የሚያርፈው ግፊት በአንድ ፓውንድ በጨመረ ቁጥር የመፍሊያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ይላል። የሚያፈስ ሞተር ግን ግፊት አይዝም። ስለዚህ ነጂው የሚያጣው የፈሰሰውን ውሃ ብቻ አይደለም።

የሞተሩ ብሎክ ከብረት ሲቀለጥ የውሃው መንገድ የሚቀረጸው በአሸዋ ነው። ኋላም አሸዋው የሚወጣባቸው ክብ ቀዳዳዎች በስስ የብረት ክዳን ይደፈናሉ። በጎን ያሉት ለዓይን ይታያሉ፤ በጀርባ ያሉት ግን በቮላኖው ቤት ተሸፍነዋል። እነዚህ ክዳኖች ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ፤ በተለይም መኪናው ዕድሜውን ሙሉ የወንዝ ውሃ ሲጠጣ የኖረ እንደ ሆነ። ከፊታቸው የሚከማቸው ደለል ደግሞ ዝገቱን ያፋጥናል።

ፍሳሹን ለማግኘት ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። በጋለ ሞተር ላይ ጠብታው ሳይወርድ ይተናል፤ የሚቀረው ነጭ ምልክት ብቻ ነው። (የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትን ስለሚያቃጥል በማናቸውም ምክንያት አይሞከርም።) የእጅ ፖምፓ ከነመለኪያው በራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥመን በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ግፊት ሳናሳልፍ ነፋን። እጅ የማይደርስበትን ስፍራ በመብራትና በትንሽ መስተዋት እያየን፣ አድርቀን የኖራ ዱቄት ነሰነስንበት። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድና የማራገቢያውም ነፋስ ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ የሚፈለገው ከሁሉ በላይ የረጠበው ነጥብ ነው እንጂ የሚንጠባጠብበት አይደለም። ቴስታታው ዙሪያውን ደረቅ ነበር፤ ዘይቱም እንደ ወተት አልነጣም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከቮላኖው ቤት ሥር አንድ ጠብታ ወረደ።

እንቁላል ወይም የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በራዲያተር መጨመር በብዙ አገር ሾፌሮች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። በመንገድ ላይ ለቀረ ሰው አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቧንቧዎች ስለሚደፍን እንደ ጥገና ሊቆጠር አይገባም። በሁለት ብረት መካከል ጎማ ተጨምቆ የሚገጠመው ክዳን በጎን ላሉት ቀዳዳዎች ይረዳል፤ ከቮላኖ ጀርባ ግን ስፍራ አይበቃውም። ስለዚህ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው ወረዱ።

የተበላውን ክዳን ጠርዙን በቀስታ ሲመቱት ይዞራል፤ ከዚያም በጉጠት ይሳባል። ወደ ውስጥ መግፋት ስሕተት ነው፤ በውሃው መንገድ ገብቶ ይቀራልና። መቀመጫው በብርጭቆ ወረቀት ከጸዳ በኋላ ስስ ማሸጊያ ተቀብቶ አዲሱ ክዳን ሳይጋደም ይመታል። እኛ ከነሐስ የተሠራውን መረጥን፤ ዋጋው ቢበልጥም እንደ ብረቱ አይዝግም። ፍሪሲዮን ለመለወጥ ካምቢዮ የሚያወርድ ሁሉ በዚያው የኋላዎቹን ክዳኖች ቢለውጥ፣ ያንኑ ድካም ዳግመኛ አይከፍልም።

በመጨረሻ ደለሉ ታጠበ፤ በወንዝ ውሃም ፈንታ ዝገት የሚከላከል ማቀዝቀዣ ከተጣራ ውሃ ጋር ተጨመረ። ባለቤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከደጀን ተመልሶ ጋራዡን ሲጎበኝ ሁለቱም ጀሪካኖች እንደ ሞሉ ነበሩ።