ጳጉሜን የማያውቅ ቅጽ፤ ለድረ ገጽ ሠሪዎች ጥቂት ምክር

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተማሪ አስቀድሞ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ መሣሪያው ያዛባውን ልኬት በኋላ የሚሠራ ስሌት ሁልጊዜ አያቃናውም። በድረ ገጽ ላይ የሚሞላ ቅጽም (ፎርም) የመለኪያ መሣሪያ ነው። የሚለካው ሰውን ነው፤ ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ ስልኩን። የፈተና ምዝገባና የፓስፖርት ማመልከቻ በድረ ገጽ በሚከናወንበት በዛሬው ጊዜ፣ ቅጹ ከተሳሳተ ተማሪው ዕድሉን ሊያጣ ይችላል።

በብራውዘር ውስጥ ቅጹን የሚቆጣጠረው አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1995 በተፈጠረው በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የሚጻፍ አጭር ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን፣ ከደባርቅ ተነሥተው በአምቢኮ በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚጓዙ ሰዎች የሚመዘገቡበትን ቅጽ እየሠራን ነው እንበል።

1. ቁጥርና ጽሑፍ

በሳጥን ውስጥ የተሞላ ነገር ሁሉ ለፕሮግራሙ ጽሑፍ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2850 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ተጓዡ ከዚያ 400 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ከፍታው 3250 ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ከሳጥን አንሥተን እንዳሉ ብንደምራቸው ግን ፕሮግራሙ ጎን ለጎን ገጥሞ 2850400 ይለናል። ስለዚህ ከመደመር በፊት ወደ ቁጥር መለወጥ ግድ ነው።

በአንጻሩ ስልክ ቁጥር አይደመርም፤ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ። ወደ ቁጥር ከተለወጠ በ058 የሚጀምረው የአካባቢው መደበኛ ስልክ መነሻ ዜሮውን ያጣል። «ሞባይል በ09 ብቻ ይጀምራል» የሚል ደንብም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ስልክ ያለውን ሰው በር ይዘጋበታል።

2. ስም

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይሁንና የላቲን ፊደላትን ብቻ የሚቀበል ደንብ ከሌላ ቦታ የሚገለብጥ ሠሪ በገዛ ፊደሉ ስሙን የጻፈውን ሰው «ተሳስተሃል» ይለዋል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታም ለውጭ አገር ጎብኚ ይስማማ ይሆናል፤ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ለሚጠራው ኢትዮጵያዊ ግን አይሆንም።

ርዝመትም ያታልላል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ገብረ እግዚአብሔር» ከነክፍተቱ 11 ምልክት ቢሆንም 31 ባይት ነው። ብራውዘሩ 30 ፊደል ሲፈቅድ የመረጃ ቋቱ የሚቆጥረው 30 ባይት ከሆነ፣ የመጨረሻዋ «ር» ተቆርጣ ትቀራለች ወይም ምዝገባው ይከሽፋል።

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ የአንድ ሰው ስም ሊሆኑ ይችላሉ። በፍለጋ ጊዜ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ መቁጠር ተገቢ ነው። ባለቤቱ የጻፈው ግን ሳይለወጥ ይቀመጥ።

3. ቀን

የጃቫስክሪፕት የተለመደው የቀን መሣሪያ የሚሠራው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ ወራትንም ከ0 ጀምሮ ይቆጥራል። ጥቅምት 30 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው 30/2/1990 ብሎ ቢሞላና ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን እንደ ፈረንጅ ቀን ቢወስዳቸው፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ድምፁን ሳያሰማ ወደ ማርች 2 ያሻግረዋል። ትክክለኛው ቀን ግን ኖቬምበር 9 ቀን 1997 ነው። ዝምተኛ ስህተት ከሚጮኸው ይከፋል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠየቅ በግልጽ ይጻፍ፤ 13ኛው ወርም ቦታ ይኑረው። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን፣ አለዚያ 5 ቀን አላት።

4. ምርመራው መቼና የት?

በብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች «ደ» የሚገኘው መጀመሪያ «ድ» ተጽፎ ቀጥሎ አናባቢው ሲጨመር ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ምት የሚመረምር ፕሮግራም ያላለቀ ፊደል ይይዛል። ጸሐፊው ከሳጥኑ እስኪወጣ ይጠብቅ። መልእክቱም «ስህተት» ብቻ ሳይሆን ምን መስተካከል እንዳለበት የሚናገር ይሁን።

ኔትወርክ በሚዳከምበት ተራራማ አገር ሰው «ላክ» የሚለውን ደጋግሞ ይጫናል። ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲጫን ይቆለፍ፤ መላኩ ካልተሳካም ይከፈት፤ የተሞላውም አይጥፋ። በብራውዘር የሚደረግ ምርመራ ለሞይው ምቾት እንጂ ለመረጃው ዋስትና አይደለም። ማንም ሰው ጃቫስክሪፕትን አጥፍቶ የፈለገውን ሊልክ ስለሚችል፣ ምርመራው በሰርቨሩም ይደገም።

ቅጹን ለሕዝብ ከማቅረባችሁ በፊት፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ፣ ገብረ እግዚአብሔር የሚባል፣ ስልኩ በ07 የሚጀምር ሰው ሆናችሁ ሙሉት። ያ ሰው ካለፈ፣ መሣሪያው ለአገሩ ሰው ለመሥራት ተቃርቧል።