ሬቡቲያ፦ የትንሿ ድቡልቡል ካክተስ አያያዝና አረባብ

በደጋው አገራችን ቁልቋል ሲባል ወዲያው የሚታሰበው በአጥርና በገደል አፋፍ የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ተክል ነው። ወተቱ ዓይን ስለሚያቃጥል የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች እሾህ ያለውን ሁሉ ይፈሩታል። ካክተስ ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። በለስ ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ እዚህ የምንገልጻት ሬቡቲያም እንዲሁ ናት፤ ሁለቱም ወተት የላቸውም።

ሬቡቲያ በቦሊቪያና በሰሜን አርጀንቲና፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ በአለት ስንጥቅ መካከል ትበቅላለች። ስሙን በ1895 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ካርል ሹማን ሲሆኑ፣ መታሰቢያነቱ ፒየር ሬቡ ለተባሉ ፈረንሳዊ ወይን ተካይና የካክተስ ነጋዴ ነው። ሬቡቲያ ሚኑስኩላ የተባለችው ዓይነት ስፋቷ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ቀይ አበባዋን ከአናቷ ሳይሆን ከግርጌዋ ዙሪያ ታወጣለች። ለገበያ የምትፈለገውም በዚህ አበባ ነው።

አበባው የሚገኘው በዕረፍት ነው። በትውልድ ቦታዋ ክረምቱ ብርድና ደረቅ በመሆኑ፣ ያንኑ ወቅት ካላገኘች አታብብም። የእኛ ደጋ በጋ ለዚህ ይስማማል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ውሃ መከልከል ይገባል። ተክሏ ብትጨማደድ አያስደነግጥም፤ አፈሯ ደረቅ ከሆነ ቀላል ውርጭ ትችላለች። በየካቲት ገደማ እንቡጡ በግልጽ ሲታይ ውሃ ይጀመራል። ከዚያ በፊት ቸኩሎ ያጠጣ ሰው በእንቡጡ ፈንታ ልጆች ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

የክረምቱ ዝናብ ግን ጠላቷ ነው። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት «ዝናቡ ያሳድጋቸዋል» ብዬ እናት ተክሎቹን ያለ ጣሪያ ተውኳቸው፤ ነሐሴ ሳይወጣ ከሥራቸው በስብሰው እንደ ቲማቲም ፈረጡ። የላስቲክ ጣሪያና ጐኑ ክፍት የሆነ መደብ ያስፈልጋል። አፈሩም ግማሽ ያህሉ ደረቅ አሸዋ ወይም ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ቀሪው በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቢሆን መልካም ነው። ትኩስ ፍግ አይጨመርም።

ልጆቹን ከእናታቸው በጣት ጠምዞ መንቀል ይቻላል። ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል በጥላ ተዘርግተው ይቆዩ፤ ከዚያ በደረቅ አሸዋ ላይ ይቀመጡ እንጂ አይቀበሩ። ውሃ የሚሰጠው ከሌላ ሳምንት በኋላ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሠራተኛ ይህን ሥራ ባይዝ ይሻላል።

ብዙ ተክል ለሚፈልግ ማኅበር ዘር ይመረጣል። ሚኑስኩላ በራሷ ዱቄት ፍሬ ትይዛለች። ዘሩ በትኩስነቱ በእርጥብ አሸዋማ አፈር ላይ ተበትኖ፣ ሳይሸፈን፣ በላዩ መስታወት ይደረግበታል። በ20–25 ዲግሪ ሙቀት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ለአበባ የሚደርሰው በ2 ወይም በ3 ዓመት ነው።

ከሌላ ቦታ የመጣ ተክል ሁሉ ከመትከያው ወጥቶ ሥሩ ይታይ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከተገኘ ተባይ ነው፤ ሥሩ ታጥቦ አፈሩ ይጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለቀለም ተብሎ ትግራይ የገባው ኮቺኒያል ከቁጥጥር ወጥቶ የገበሬውን በለስ እንዳወደመ ይታወቃል። አዲስ ተክል ለሁለት ወር ከእናት ተክሎቹ ርቆ በተለየ መደብ ይቀመጥ፤ ውሃ የሚያጠጣውም ሰው መጨረሻ ላይ ወደዚያ ይሂድ።