የጥፍር ሶሪያሲስ የመገጣጠሚያ ብግነት ጠቋሚ ስለመሆኑ

የታካሚ ጥፍር ወፍሮና ቢጫ ሆኖ ከሥጋው ሲላቀቅ በቅድሚያ የሚታሰበው ፈንገስ ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ሆኖም የጥፍር ሶሪያሲስም ይህንኑ መልክ ይይዛል። ጉዳዩ የጥፍር ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ባላሳሰበ ነበር፤ በሶሪያሲስ የተጎዳ ጥፍር ግን ገና ያልተገለጠ የመገጣጠሚያ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሶሪያሲስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በመዛባቱ የሚከሰት ሥር የሰደደ ብግነት እንጂ ተላላፊ በሽታ አይደለም። ብግነቱ ጥፍር የሚበቅልበትን ሥር ሲያጠቃ በጥፍሩ ገጽ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። ከጥፍሩ በታች ያለውን ሥጋ ሲያጠቃ ደግሞ የዘይት ጠብታ የመሰለ ቢጫማ ቡናማ ምልክት ይወጣል። ጉድጓዶቹ በፈንገስ በተያዘ ጥፍር ላይ እምብዛም ስለማይታዩ ለመለየት ይረዳሉ።

ጥፍር ከመገጣጠሚያ ጋር ምን አገናኘው? መልሱ የሚገኘው በጣት አፈጣጠር ውስጥ ነው። ጣትን የሚዘረጋው ጅማት ከመጨረሻው የጣት መገጣጠሚያ አጠገብ ከአጥንት ጋር ይጣበቃል፤ ክሮቹ ግን ከዚያ አልፈው እስከ ጥፍሩ ሥር ይዘልቃሉ። በሶሪያቲክ አርትራይተስ ብግነት ከሚያጠቃቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ይኸው ጅማትና አጥንት የሚጣበቁበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ጥፍርን የቆዳ ተቀጥላ ብቻ አድርጎ መመልከት ጎዶሎ ይመስለኛል።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በኦልምስቴድ አውራጃ ነዋሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጥፍራቸው የተጎዳ የሶሪያሲስ ታካሚዎች በመገጣጠሚያው ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ጥፍራቸው ካልተጎዳው ወደ 3 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ጥፍሩ የተጎዳ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ካስፓር የተሰኘው የምደባ መስፈርትም ለጥፍር ጉዳት 1 ነጥብ፣ በወቅቱ ላለ የቆዳ ሶሪያሲስ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው በሕመሙ ለመመደብ የሚያስፈልገው ደግሞ 3 ነጥብ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሐኪሞች የበለጠ ክብደት አለው። በጥቁር ቆዳ ላይ የሶሪያሲስ መቅላት ጎልቶ አይወጣም፤ ወደ ሐምራዊ ወይም ግራጫ ያደላል። ቁስሉ በራስ ፀጉር ውስጥ ከተሸሸገ ደግሞ ጭራሽ ላይታይ ይችላል፤ ጥፍሩ ግን በግልጽ ይታያል።

እንዲህ ያለ ጥፍር ያየ ሐኪም ለወራት የሚወሰድ የፈንገስ ኪኒን ከማዘዙ በፊት ፍቅፋቂው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ቢያደርግ ይበጃል። ፈንገስና ሶሪያሲስ በአንድ ጥፍር ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ከዚያ የሚቀሩት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፦ ጠዋት ሲነሡ መገጣጠሚያዎ ለረዥም ጊዜ ተሳስሮ ይቆያል? ተረከዝዎን ያምዎታል? አንድ ጣት ሙሉ በሙሉ እንደ ቋሊማ አብጦ ያውቃል? መልሱ አዎን ከሆነ የሩማቶይድ ፋክተር የደም ምርመራ ኔጌቲቭ መሆኑ ሊያዘናጋ አይገባም፤ በዚህ ሕመም ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ነው። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር በብግነቱ የተበላው አጥንት ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።