ፈቃድ ሰጪውም ቀጣሪውም አንድ ሲሆን

በደቡብ ጎንደር ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ መምህራን ሲገናኙ ወሬያቸው ደመወዝ ነው። የመስከረም 2018ቱ ጭማሪ እጅ ሳይገባ ገበያው ቀድሞ በላው ይላሉ። ከዚያ ወሬው የማስተማር ፈቃድ ወደሚያሰጠው የሙያ ብቃት ምዘና ይዞራል፦ “ብናልፍስ ምን ሊጨመርልን?”

ብዙ ተንታኝ ምዘናውን እንደ ወንፊት ያየዋል፤ ደካማውን አንጓሎ ጎበዙን ያስቀራል ባይ ነው። ወንፊት ግን የሚጠቅመው በእንጉላዩ ፋንታ የሚተካ እህል ላለው ነው። ስማዳ ቆላ ያለ የሒሳብ መምህር ምዘናውን ቢወድቅ ወረዳው ማንን አምጥቶ ይተካል? ክፍሉ ባዶ ከሚሆን ያው ሰው ጠመኔውን ይዞ ይቀጥላል። ያለፈውም ቢሆን ፈቃዱን ይዞ የሚደራደረው ከማን ጋር ነው? በወረዳው ከመንግሥት ሌላ ይህ ነው የሚባል የመምህር ቀጣሪ የለም። ፈታኙም፣ ፈቃድ ሰጪውም፣ ከፋዩም መንግሥት ነው፤ ዋጋውንም በእርከን አስቀድሞ ቆርጦታል።

ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው ምስክር ወረቀት ምልክት ነው። ምልክቱ የሚሠራው ለጎበዙ ቀሎ ለደካማው ሲከብድና ገዢው ለልዩነቱ ሲከፍል ነው። እኔ ከዚህ ንድፈ ሐሳብ የተሻለ እስካሁን አላገኘሁም፤ ጋይንት ግን ስፔንስ ሳይወለድ በፊት ታውቀው ነበር።

በቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ድጓ የትም ተማሩት የት፣ ማስመስከሪያው ታች ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ናት። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ደግሞ በዚያው በደቡብ ጎንደር ያለው ዙር አምባ ነው። የቤተልሔም መምህር ያስመሰከረውን አይቀጥረውም፤ ቀጣሪዎቹ በየአገሩ ያሉ አድባራት ናቸው። ያልበሰለ ሰው አስመስክሮ ቢሰድ፣ በመጀመሪያው ማኅሌት የሚጋለጠው ከሰውዬው ጋር የቤተልሔም ስም ነው። ያስመሰከረ መሪጌታ አንዱ ደብር ቢያስከፋው ሌላው ይፈልገዋል፤ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ዋጋው በመሬት ጭምር ይለካ ነበር። ተማሪው ዓመታት ቆሎውን እየቆረጠመ መቆየቱ ያዋጣው የነበረው ለዚህ ነው። ፈታኝና ቀጣሪ ተለያይተው ነበር፤ ቀጣሪዎቹም ብዙ ነበሩ።

የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ ስታቲስቲክስ “ብቁ መምህር” እያለ ሲቆጥር የሚቆጥረው ዲፕሎማና ዲግሪ ነው። ያንን አኃዝ አላምነውም፤ ፈታኙ ከትምህርት ቤቱ ሲለይ የሚታየው ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በገባበት በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። መምህራኑ ያው የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የተለወጠው ኩረጃን የሚዘጋው አፈታተን ነው። በመምህራን ምዘናው ውስጥ በትምህርት ቤቱ ሰዎች የሚሞላው ማኅደረ ተግባርም (ፖርትፎሊዮ) ቢሆን ለትምህርት ቤቱ ከማድላት የሚያግደው ነገር አይታየኝም።

መፍትሔው ምዘናውን ማጥበቅ ነው የሚሉ አሉ። ክፍያው ሳይለይ ፈተናው ብቻ ከጠበቀ መጀመሪያ የሚሄደው ሌላ ገበያ ያለው ነው፦ እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚችለው፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የሚወስደው። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ የአማራ ክልሉ ግጭት ስንቱን ትምህርት ቤት እንደዘጋ ሲታሰብ የመውጫው መንገድ የበለጠ ክፍት ነው። የሚቀጥለው ጭማሪም ፈቃድ ያለውንና የሌለውን ሳይለይ እኩል ከተበተነ፣ ከደብረ ታቦር መምህራን ኮሌጅ የሚወጣው ወጣት እስቴ ከመድረሱ በፊት ሒሳቡን ይሠራዋል።