ከሞተሩ ጋር የሚያፏጨው ሙዚቃ

በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ የሚገኘው የጄፔ ጎዳና ራሂማ ሙሳ የሚል አዲስ ስም ከተሰጠው ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ለኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ዛሬም ጄፔ ነው። በአንድ ወቅት የሐኪሞች ክፍሎች የነበሩበት ሜዲካል አርትስ ሕንፃ አሁን የሀገር ልጆች ሱቆች መናኸሪያ ሆኗል። ከብርድ ልብሱ፣ ከጫማውና ከመጋረጃው ጎን የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ጠባብ መደብሮች አሉ። በመስታወታቸው ውስጥ ከሚታዩት ትንንሽ ዕቃዎች መካከል በሁለቱም ጫፍ ቀጭን መሰኪያ ያለው አጭር ጥቁር ገመድ፣ ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ የኤፍኤም ማሰራጫ፣ ካሴት መስሎ ጅራት ያበቀለ ፕላስቲክና አውራ ጣት የሚያክል የብሉቱዝ መቀበያ ይገኙባቸዋል። ሁሉም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ በኪስ ያለውን ሙዚቃ እንዴት ወደ መኪናው ድምፅ ማጉያ ማድረስ ይቻላል?

ጥያቄው ለጄፔ ነጋዴ የቅንጦት አይደለም። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ተነስተው ደቡብ አፍሪካ ከገቡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ከጄፔ በጅምላ የገዙትን ዕቃ ወደ ታውንሺፖችና ራቅ ወዳሉ የገጠር ከተሞች በማድረስ ነው። ከጆሃንስበርግ ወደ ሰሜን የሚወስደው ኤን 1 አውራ ጎዳና ፖሎክዋኔ እስኪደርስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሀገሬው ሰው «ባኪ» የሚለው ያረጀ ፒክአፕ ነው፤ ቴፑም በካሴት ወይም በሲዲ ዘመን የተሠራ። ዘፈኑና መዝሙሩ ግን በስልክ ወይም በአሮጌ ማጫወቻ ውስጥ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ሲበላሽ ሙዚቃው ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ማጫወቻው ሊቃጠል፣ ባትሪው በአንድ ሌሊት ሊያልቅ፣ ይባስ ብሎም ከዳሽቦርዱ ጀርባ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ከሁሉም ቀላል የሚመስለው የኤፍኤም ማሰራጫው ነው። ሽቦ መንካት ሳያስፈልግ ሙዚቃውን ወደ ሬዲዮ ሞገድ ለውጦ ለመኪናው ሬዲዮ ያቀብላል። ችግሩ አቅሙ ነው። በአውሮፓ ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የተፈቀደው ኃይል 50 ናኖዋት፣ ማለትም የአንድ ዋት ሃያ ሚሊዮንኛ ነው። ከጆሃንስበርግ ሰማይ በላይ ደግሞ 237 ሜትር ከፍታ ያለው የብሪክስተን ማማ ቆሟል፤ ከእርሱ የሚሰራጩት ጣቢያዎች ኃይል በሺህዎች በሚቆጠር ዋት የሚለካ ነው። የኤፍኤም መቀበያ በባሕርይው ሁለት ጣቢያ በአንድ መስመር ላይ ሲያገኝ ድምፆቹን አይደባልቅም፤ የበረታውን ይዞ የደከመውን ይጥላል። ስለዚህ መኪናው ከፎቆች ጥላ ወጥቶ ወደ ማማው ፊቱን ሲያዞር ክራሩ በድንገት ይቋረጥና የዜና አንባቢ ድምፅ ይተካዋል። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ሰሌዳ ላይ ክፍት ቦታ ቢገኝ እንኳ ጆሃንስበርግ ላይ ባዶ የነበረው መስመር ፖሎክዋኔ ላይ ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

የአዲስ አበባ አሽከርካሪ በዚህ ነጥብ ላይ የራሱ ታሪክ አለው። ከጃፓን ገበያ የወጡት ቪትዞችና ኮሮላዎች ይዘውት የሚመጡት ሬዲዮ የተሠራው ለጃፓን ሰሌዳ ነው፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ከዚያ ውጭ ናቸው። መፍትሔው ከአንቴናው ገመድ ላይ የሚገጠም ትንሽ መቀየሪያ ነው፤ ሞገዱን ለምሳሌ በ16 ሜጋኸርዝ ዝቅ ሲያደርገው ሸገር 86.1 ላይ ይሰማል። በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ኪስ ማሰራጫ የሚገዛ ሰው ከ87.5 እስከ 90 ያለችው ጠባብ ክፍተት ብቻ እንደምትቀረው ማወቅ አለበት፤ ሻጮች ግን ይህን ሲናገሩ እምብዛም አይሰሙም።

ባለ ጅራቱ ካሴት ከዚህ ይሻላል። በውስጡ ከቴፑ ራስ ፊት ለፊት የሚቆም ሌላ ትንሽ ራስ አለ፤ የማግኔት ሞገዱን ክር ሳይኖር በቀጥታ ያስተላልፋል። ካሴት ማጫወቻው የሚሠራ ከሆነ ብልሃቱ እስካሁን አላረጀም፣ የፕላስቲኩ ማርሽ ከሚያሰማው ኳኳታ በስተቀር።

ምርጡ መንገድ ግን ገመድ ነው። ቴፑ ኦክስ የሚባለው 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ካለው ሥራው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ከሌለው፣ ብዙዎቹ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የተሠሩ ቴፖች ከጀርባቸው ለሲዲ መለዋወጫ የተተወ መግቢያ አላቸው። ሆኖም ቴፑ መለዋወጫው መኖሩን በኤሌክትሮኒክ ምልክት ካላረጋገጠ መግቢያውን አይከፍትም፤ ስለዚህ ለሞዴሉ የተሠራ፣ መለዋወጫ መስሎ የሚመልስ አስማሚ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ አቋራጭ ይፈልጋል፤ የማጫወቻውን ገመድ ቆርጦ ከስፒከሩ ሽቦ ጋር ያስራል። ይህ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ቴፖች ከስፒከር ሽቦዎች አንዱም ከመኪናው ቦዲ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ሁለቱም የባትሪውን ግማሽ፣ ማለትም 6 ወይም 7 ቮልት ገደማ ተሸክመው በመካከላቸው ብቻ ድምፁን ይፈጥራሉ። ከአንድ ቮልት ለማይበልጥ ሞገድ የተሠራው የማጫወቻው መውጫ ይህን ሲቀበል ብዙ አይቆይም።

በትክክለኛው ቀዳዳ የተሰካ ገመድም ቢሆን የራሱ እንግዳ አለው። ማጫወቻው በራሱ ባትሪ ሲሠራ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ቻርጀሩ ሲጋራ መለኮሻው ላይ በተሰካ ቅጽበት ግን ቀጭን ፉጨት ይጀምራል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ከፍ፣ ሲለቀቅ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ገመዱ ርካሽ ስለሆነ ይመስለውና ሌላ ይገዛል። ፉጨቱ ግን ከገመዱ ጋር አብሮ አይቀየርም፤ ምክንያቱም የሚመነጨው ከአልተርኔተሩ ነው።

አልተርኔተሩ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በስድስት ዳዮዶች አልፎ ወደ አንድ አቅጣጫ ይስተካከላል። ማስተካከያው ግን ፍጹም አይደለም፤ ትንንሽ ሞገዶች ይቀሩበታል። ስድስት ጥንድ ዋልታ ባለው አልተርኔተር ላይ አንድ ዙር 36 ሞገድ ይሰጣል። ሞተሩ ቆሞ ሲንተከተክ በደቂቃ 800 ዙር ቢዞርና አልተርኔተሩ የዚያን ሁለት ተኩል እጥፍ ቢፈጥን፣ ውጤቱ በሴኮንድ 1,200 ንዝረት ነው። በ3,000 ዙር ደግሞ 4,500 ይደርሳል። የሰው ጆሮ በጣም ንቁ የሚሆነው በዚሁ አካባቢ መሆኑ ለአሽከርካሪው መጥፎ ዕድል ነው።

ይህ ሞገድ ወደ ሙዚቃው የሚገባው ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ሁለት ስለሚሆን ነው። አንደኛው መንገድ የቻርጀሩ አሉታዊ ሽቦ ነው፤ ሁለተኛው የድምፅ ገመዱ መሸፈኛ ሽቦ። ሁለቱም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚገናኙት በተለያየ ቦታ ነው፤ ብረቱም ትንሽም ቢሆን ተቃውሞ ስላለው በሁለቱ ቦታዎች መካከል የጥቂት ሚሊቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ሙዚቃው ራሱ አንድ ሦስተኛ ቮልት ገደማ ነው። 5 ሚሊቮልት የዚያ አንድ ስልሳኛ ይሆናል፤ ባንዱ በሙሉ ሲጫወት አይሰማም፣ የመሰንቆ ብቸኛ ጨዋታ ዝቅ ሲል ግን ከመሰንቆው እኩል ይሰማል።

መመርመሪያው ነፃ ነው፦ ቻርጀሩን መንቀል። ፉጨቱ ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ድርብ መንገድ ነው። መድኃኒቱ በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ ትንሽ ሳጥን ሲሆን በውስጡ ለግራና ለቀኝ ድምፅ አንዳንድ ትራንስፎርመር አለው። ሙዚቃው በማግኔት ይሻገራል፤ ብረት ከብረት ስለማይነካ የመመለሻው ሁለተኛ መንገድ ይቆረጣል። በርካሾቹ ላይ የማግኔቱ እምብርት ትንሽ በመሆኑ የከበሮው ጥልቅ ድምፅ ይሳሳል፤ ከፉጨት ግን ይሻላል። የብሉቱዝ መቀበያ የገዛም ከዚህ አያመልጥም፦ መቀበያው ኃይሉን ከሲጋራ መለኮሻው፣ መውጫውን ወደ ኦክስ ካደረገ ቀለበቱ እንደገና ተዘጋ ማለት ነው። ሽቦ አልባ ተብሎ የተሸጠው ዕቃ ሁለት ሽቦ ይዞ መጥቷል።

የድምፁ መጠንም መመጠን አለበት። ማጫወቻው እስከ መጨረሻው ከተከፈተ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ የቴፑ ማጉያ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። ማጫወቻውን ወደ ሦስት አራተኛው አድርጎ ቀሪውን በመኪናው ቁልፍ ማስተካከል ይበጃል።

ቴፑን በሙሉ ለመቀየር የወሰነ ሰው ሦስት ሽቦዎችን ማወቅ ይጠቅመዋል። በአብዛኞቹ ለሽያጭ በሚቀርቡ ቴፖች ላይ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ ቀዩ በቁልፍ የሚከፈት፣ ጥቁሩ የቦዲው ነው። በአንዳንድ ቮልስዋገኖች የመኪናው መሰኪያ ላይ የቢጫውና የቀዩ ቦታ ተለዋውጦ ስለሚገኝ ቴፑ በየማታው ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን ይረሳል። ይህን ለማዳን ሁለቱንም ከቋሚው ኃይል ጋር ማሰር ደግሞ ባትሪውን ሌሊት ያስጨርሳል፤ ሁለቱን አለዋውጦ ማሰር ብቻ በቂ ነበር። ፊውዝም ለኃይሉ ምንጭ ቀርቦ፣ ለሽቦው ውፍረት በሚመጥን መጠን ይግባ። በተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የሚጠቀልል ሰው የመኪናው ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ መልቀቅ እንደሚችል ቢያውቅ እጁ ይሰበሰብ ነበር። መደዳውን የሚቃጠለው ያኔ ሽቦው ራሱ ነው።

የገመዱ መውጫ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በጆሃንስበርግ ከሌላው ቦታ የበለጠ ክብደት አለው። የደቡብ አፍሪካ የመንገድ ትራፊክ ደንብ ቁጥር 308ኤ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝን ይከለክላል። በዚያ ላይ የሀገሬው ሰው «ሮቦት» በሚለው የትራፊክ መብራት ላይ መስኮት ሰብረው የታየውን ይዘው የሚሮጡ ሌቦች አሉ፤ ዳሽቦርድ ላይ የሚያበራ ማጫወቻ ለእነርሱ ግብዣ ነው። ልምድ ያላቸው ገጣሚዎች የኦክሱንና የቻርጀሩን ገመድ ከቴፑ ጀርባ አውጥተው በእግር መቆሚያው በኩል ሳይሆን፣ ከፕላስቲኩ ሥር አሳልፈው በተሳፋሪው ፊት ባለው ኪስ ውስጥ ያስገቡታል። ነጋዴው ጭነቱን አስሮ፣ ከጄፔ ሳይወጣ የዘፈኖቹን ዝርዝር ያስጀምርና ክዳኑን ይዘጋዋል፤ እስከ ፖሎክዋኔ የሚነካው የድምፁን ቁልፍ ብቻ ነው።